ትናንት ተማሪ፣ ዛሬ አስተማሪ፦ ጀማሪ ሐኪም ማስተማርን የት ይማራል?

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው እንበል። አንዲት ጀማሪ ሐኪም ዲዩቲ ላይ ናት። ሥራ ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው። የአንድ የኩላሊት ታካሚ የላብራቶሪ ውጤት ደረሳት። ፖታሲየሙ 7.1 ይላል፤ አደገኛ ከፍታ ነው። ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) አስነሳችው፤ ቲ ዌቭ የሚባለው የመስመሩ ጉብታ እንደ ድንኳን ሾሏል። ካልሲየም ግሉኮኔት በደም ሥር እንዲሰጠው አዘዘች። ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር እንዲከተል አደረገች። ለሲኒየሯም ደወለች። እስከዚህ ሁሉም ልክ ነው።

ከኋላዋ የቆመው የሕክምና ተማሪ ግን ጥያቄ አለው። «ዶክተር፣ ካልሲየሙ ፖታሲየሙን ያወርደዋል ማለት ነው?»

አያወርደውም። ካልሲየሙ የሚሰጠው ልብን ለመጠበቅ ነው። ፖታሲየሙን ከደም ወደ ሴሎች ውስጥ የሚያስገባው ኢንሱሊኑ ነው። ከሰውነት ጨርሶ የሚወጣው ደግሞ በሌላ መንገድ ነው፤ በሽንት፣ በመድኃኒት ወይም በዲያሊሲስ (ደምን በማሽን በማጣራት)። ሐኪሟ ይህን ታውቃለች። ለፈተና አጥንታዋለች። አሁን ግን ቃሉ አፏ ላይ ተያዘባት። ከየቱ ትጀምር? ምን ያህሉን ትንገረው? ያላት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ልጁም እንቅልፍ አጥቷል፤ እሷም እንዲሁ።

በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ሐኪሟ መምህር ናት። ማስተማርን ግን ማንም አላስተማራትም።

የዛሬው ጨዋታችን ስለ እሷ ነው። በትክክል ለመናገር፣ የሐኪምነትን የመጀመሪያ ዓመታት እና ማስተማር መማርን ጎን ለጎን ስለሚያስኬዱ የሥልጠና መንገዶች ነው። ከሩቅ ሲሰሙት የወረቀትና የፕሮግራም ጉዳይ ይመስላል። ጠጋ ሲሉት ግን ቀላል ጥያቄ ነው። ትናንት ተማሪ የነበረ ሰው፣ ሐኪም መሆንን ራሱ ገና እየለመደ፣ ሌላውን በደንብ ማስተማር ይችላል? ከቻለስ እንዴት? (የምጠቅሳቸውን ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ሳይማሩ የሚያስተምሩ

«ሳይማር ያስተማረን» የሚል አነጋገር አለን። ፊደል ሳይቆጥር እኛን ለቁም ነገር ያበቃንን ሕዝብ የምናመሰግንበት ነው። በሕክምና ቤት ግን ነገሩ ቃል በቃል ይሠራል። ማስተማርን ሳይማሩ የሚያስተምሩ ሞልተዋል፤ ሁልጊዜም የሚመሰገኑበት አይደለም።

ማስተማር ለሐኪም የትርፍ ሰዓት ሥራ ሆኖ አያውቅም። ዶክተር የሚለው ቃል ራሱ የመጣው «ማስተማር» ከሚል የላቲን ግሥ ነው። በሂፖክራተስ መሐላ ውስጥም ሙያውን ለተከታዮች ማስተማር ከገቡት ቃል አንዱ ነው። በ1889 በባልቲሞር የተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ደግሞ የዛሬውን አሠራር መልክ ካስያዙት ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያ ሐኪሙ ዊልያም ኦስለር ተማሪዎችን ከአዳራሽ አውጥቶ ታካሚው አልጋ ዳር አቆማቸው። ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ለቀዶ ሕክምና የሬዚደንሲ (ስፔሻሊስት ለመሆን በሆስፒታል እየሠሩ የሚሠለጥኑበት) ሥልጠናን ዘረጋ፤ ሠልጣኙ ከዓመት ዓመት ኃላፊነቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ በላዩ ያለው ያስተምረዋል፣ እሱም በታቹ ያለውን ያስተምራል።

ከዚህ ባህል ጋር ስሙ የሚነሳ አንድ መፈክር አለ። «አንዱን እይ፣ አንዱን ሥራ፣ አንዱን አስተምር።» ቀዶ ሐኪሞች እየሳቁም ቢሆን ይደግሙታል። ብዙ ሰው ይህን መፈክር የሚተቸው በመጀመሪያው ዝላይ ነው። አንዴ አይቶ መሥራት ለታካሚው አደገኛ ነው ይላል። እውነት ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሁለተኛው ዝላይ ነው። የሠራ ሁሉ ማስተማር ይችላል የሚለው። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ መንዳት ማስለመድ ይችላል እንደ ማለት ነው። ከወንድሙ ወይም ከአባቱ መኪና የለመደ ሰው ይህ እውነት እንዳልሆነ ያውቃል። መጨረሻው ብዙ ጊዜ ጩኸት ነው።

ደግሞ ዋርድ (የታካሚዎች መኝታ ክፍል) ውስጥ በእርግጥ የሚያስተምረው ማን ነው? በስም ፕሮፌሰሩ ነው። ፕሮፌሰሩ ግን ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) አድርጎ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱንም ጭምር ከተማሪው ጋር የሚውለው ኢንተርኑ (ልምምድ ላይ ያለው ጀማሪ ሐኪም) ወይም ሬዚደንቱ ነው። ሂስትሪ መውሰድን (የታካሚውን የሕመም ታሪክ መጠየቅን)፣ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ) ማስገባትን፣ ሲኒየር በስልክ ሲጠራ ምን ምን እንደሚባል ተማሪው የሚያየው ከእሱ ነው። ካሪኩለም ላይ የማይጻፈውንም ይማራል፤ ነርስን እንዴት እንደሚያናግሩ፣ ሲሳሳቱ ማመን ወይስ መደበቅ እንደሚሻል። እንግዲህ ጀማሪው ሐኪም ያስተምር ወይስ አያስተምር የሚለው ምርጫ አይደለም። ያስተምራል። ቀሪው ጥያቄ በደንብ ወይስ በዘፈቀደ የሚለው ነው።

ሁለት ሙያ በአንድ ጋዋን

እነዚህ ጥምር ሥልጠናዎች ምን ይመስላሉ? መልኩ በደንብ የሚታየው በብሪታንያ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

እዚያ ከሕክምና ትምህርት ቤት የወጣ ሰው ወዲያው ስፔሻሊቲ አይገባም። ከ2005 ጀምሮ ፋውንዴሽን ፕሮግራም የሚባል የሁለት ዓመት ሥልጠና አለ። ደመወዝ እየተከፈለው፣ በሲኒየር ክትትል ሥር፣ ብዙውን ጊዜ በየአራት ወሩ ክፍል እየቀያየረ ይሠራል። አራት ወር በውስጥ ደዌ ክፍል፣ አራት ወር በቀዶ ሕክምና፣ አራት ወር በድንገተኛ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያውን ዓመት በሚገባ ሲጨርስ ሙሉ የሐኪምነት ምዝገባ ያገኛል።

ከዚህ መደበኛ መንገድ ጎን ጥቂት ልዩ ቦታዎች አሉ። መጀመሪያ አካዳሚክ ፋውንዴሽን ይባሉ ነበር፤ በኋላ ስፔሻላይዝድ ፋውንዴሽን ተባሉ። አንዳንዶቹ ለምርምር፣ አንዳንዶቹ ለአመራር፣ አንዳንዶቹ ለሕክምና ትምህርት የተለዩ ናቸው። የትምህርቱን ቦታ የያዘ ሠልጣኝ ከሥራ ጊዜው ላይ የተቆረሰ የማስተማር ጊዜ አለው። በክህሎት ላብራቶሪ ተማሪዎችን ያለማምዳል። በሰው ቅርጽ አሻንጉሊት ላይ የሚደረግ የድንገተኛ ልምምድ ያዘጋጃል። አልጋ ዳር ያስተምራል። የተግባር ፈተና ላይ ፈታኝ ሆኖ ይቀመጣል። አንድ አነስተኛ ፕሮጀክትም ይይዛል፤ ለምሳሌ የነበረን ኮርስ አሻሽሎ ለውጥ መምጣት አለመምጣቱን ይለካል። ብዙዎቹ ጎን ለጎን በሕክምና ትምህርት የድኅረ ምረቃ ሰርተፍኬት ይማራሉ። በእነሱ አቆጣጠር ሰርተፍኬቱ 60 ክሬዲት ነው፤ ዲፕሎማው 120፣ ማስተርሱ 180። ሰርተፍኬቱን ይዞ ማቆምም፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ማስተርስ ማሳደግም ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። እነዚህ ሠልጣኞች በሐኪምነታቸው ቅናሽ አይደረግላቸውም። ከጓደኞቻቸው የሚጠበቀው የሕክምና ችሎታ ሁሉ ከእነሱም ይጠበቃል። ልዩነቱ እነሱ ያንኑ ችሎታ በአነሰ የዋርድ ጊዜ ማሟላት አለባቸው። ጥምር ሥልጠና ማለት ሁለት ግማሾችን ማጋጠም አይደለም። አንድ ሙሉ ሥራ ላይ ሌላ መጨመር ነው።

ጊዜው እንዴት ይቆረሳል? ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንዱ በሁለተኛው ዓመት አራት ወር በአንድ ላይ ለማስተማር መስጠት ነው። ሌላው በሳምንት አንድ ቀን እየለዩ ዓመቱን ሙሉ መዝለቅ ነው። የአራት ወሩ መንገድ ለመጠበቅ ይቀላል። ሠልጣኙ ከዋርድ ወጥቷል፤ ማንም አይጠራውም። ጣጣው ሐኪምነቱ መዛጉ ነው። ደግሞ ማስተማሩ ለዛ ሲይዝለት ጊዜው ያልቃል። በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ዛሬ ያስተማረው ሲበላሽበት በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መንገድ ይሞክራል። ከዋርድም አይርቅም። ግን ያቺ ቀን በቀላሉ ትበላለች። አንድ ሰው ታመመ፣ ዋርዱ ሞላ፣ «ለዛሬ ብቻ» ተባለ፣ አለቀ። ለእኔ ሁለተኛው ይሻላል። ማስተማር እየተመላለሱ የሚለመድ ነገር ነውና። ቀኗን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ግን የመጀመሪያውን ይምረጡ።

ልዩ ቦታ ላልደረሳቸውም መንገድ አለ። በዚያው በብሪታንያ ብዙ ሐኪሞች ከፋውንዴሽን በኋላ ስፔሻሊቲ ከመግባታቸው በፊት አንድ ዓመት በክሊኒካል ቲቺንግ ፌሎውነት (ተማሪ ማስተማር ትልቁ ድርሻው በሆነ የሐኪም ሥራ) ያሳልፋሉ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «ሬዚደንት እንደ መምህር» የሚባሉ አጫጭር ሥልጠናዎች ተለምደዋል። የሕክምና ትምህርት ቤቶችን የሚመዝነው አካል ተማሪ የሚያስተምሩ ሬዚደንቶች ለዚሁ ሥራ እንዲዘጋጁ ይጠይቃል። አንዳንዱ ቦታ ይህን የጥቂት ሰዓት ወርክሾፕ አድርጎ ይገላገለዋል። ሌክቸር አሰልቺ መሆኑን በ80 ስላይድ ሌክቸር የሚያስረዳ ወርክሾፕ ላይ የተቀመጠ ሰው የምለው ይገባዋል።

ጀማሪው ያለው፣ ሲኒየሩ ያጣው

ለምን ገና በጅምሩ? መጀመሪያ ጎበዝ ሐኪም ይሁን፣ ማስተማሩ ይደርሳል የሚሉ አሉ። አመክንዮ አለው። ግን አንድ ነገር ይዘነጋል።

ካኑላ ማስገባትን እንውሰድ። ሃያ ዓመት የሠራ ሐኪም አድርገው ሲያሳዩ በሃያ ሴኮንድ ያልቃል። «እንዴት ነው?» ሲባሉ «ደም ሥሩን ታገኛለህ፣ ትገባለህ፣ በቃ» ይላሉ። ውሸት አልተናገሩም። እጃቸው የሚሠራው ብዙ ነገር ለራሳቸውም አይታያቸውም። ጀማሪዋ ሐኪም ግን ከስድስት ወር በፊት ሦስቴ ስታ ታካሚ ፊት ላቧ ወርዷል። ስለዚህ እንዲህ ትላለች። «በግራ እጅህ ቆዳውን ወደ ታች ወጥር፤ ካልወጠርከው ደም ሥሩ ይሸሽብሃል። ደም ብልጭ ሲል ደስ ብሎህ አትቁም። መርፌው ከፕላስቲኩ ትንሽ ይረዝማል። መርፌው ገብቶ ፕላስቲኩ ገና ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እጅህን ዝቅ አድርገህ ትንሽ ግፋ፤ ከዚያ ፕላስቲኩን ብቻ አንሸራት።» ተማሪው የሚስተው እዚችው ላይ ነው። እሷም የምትስተው እዚችው ላይ ነበር።

በትምህርት ጥናት ይህ የአቻ ቅርብ ትምህርት ይባላል። አስተማሪው ከተማሪው አንድ ሁለት እርምጃ ብቻ ይቀድማል። የቱ ጋ እንደሚያደናቅፍ ያስታውሳል፤ ቋንቋውም ቅርብ ነው። ተማሪውም «ሞኝ ጥያቄ» ለመጠየቅ አያፍረውም። ፕሮፌሰሩን የማይጠይቀውን እሷን ይጠይቃታል። ይህ ትዝታ ግን አይቆይም። ሥራው እጅ ላይ ሲገባ ከአእምሮ ይጠፋል። ማስተማርን ለመማር ጥሩው ጊዜ ትዝታው ሳይጠፋ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው፤ ለራሷ። የፖታሲየሙን ነገር መልሱት። ትእዛዙን በትክክል ሰጥታለች። «ለምን?» ስትባል ግን ተደናቀፈች። ማዘዝ መቻልና መረዳት አንድ አለመሆናቸውን ያሳያት ተማሪው ነው። ነገ አስተምረዋለሁ ብሎ የሚያነብ ሰው ለፈተና ከሚያነበው ይልቅ ሐሳቡን አሰናስሎ እንደሚይዝ በጥናትም ታይቷል።

ሚዛኑ እንዳይዛባ ግን ልጨምር። ጀማሪው ደንቡን ያውቃል፤ ከደንቡ የሚወጣውን ግን ገና አላየም። መቶ የሳንባ ምች ያየ ሐኪም «ይሄኛው ሳንባ ምች አይመስለኝም» ሲል የሚያስተምረው ነገር ከሁለት ወር ሐኪም አይገኝም። የጀማሪዋ ትልቁ አደጋም በልበ ሙሉነት ስሕተት ማስተማር ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት መልመድ ያለባት ዓረፍተ ነገር «ይህን አላውቀውም፤ አብረን እንየው» የሚለው ነው። ለሐኪም ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ራውንድ ላይ አላውቅም ማለት የሚያስቀጣ ሆኖበት ያደገ ነውና።

ምን ይማራሉ?

ማስተማር ተሰጥኦ ነው የሚለውን እምነት እዚህ ላይ መተው ይሻላል። ተሰጥኦ ያላቸው አሉ። የቀረነው ግን ካኑላ እንደምንለምደው በደረጃ እንለምደዋለን።

የእጅ ሥራን ለማስተማር በብዙ ቦታ የሚሰጠው ሮድኒ ፔይተን የተባለ ቀዶ ሐኪም በ1998 ያስተዋወቀው አራት ደረጃ ነው። መጀመሪያ አስተማሪው ሥራውን በመደበኛ ፍጥነቱ፣ ሳያወራ ሠርቶ ያሳያል። ሁለተኛ እያንዳንዷን እርምጃ እያስረዳ ቀስ ብሎ ይደግማል። ሦስተኛ ላይ ነው ብልሃቱ፤ ተማሪው ያዛል፣ አስተማሪው ይሠራል። ተማሪው «አሁን ቆዳውን ወጥር» ካላለ አስተማሪው አይወጥርም። ያልገባው ነገር መርፌ ሳይጨብጥ በፊት ይጋለጣል። አራተኛ ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሠራል። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ዘሎ አራተኛው ላይ ይወድቃል። «አየህ? በል ሞክር።»

ለአስተሳሰብ ደግሞ በ1992 በአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪሞች የቀረበ «የአንድ ደቂቃ መምህር» የሚባል ዘዴ አለ። ለዚያች ሌሊት የተሠራ ይመስላል። ሐኪሟ ብታውቀው ኖሮ ጨዋታው እንዲህ ይሄድ ነበር።

«አንተስ ምን ይመስልሃል?»

«ያወርደዋል መሰለኝ።»

«ለምን እንዲህ አልክ?»

«መጀመሪያ የታዘዘው እሱ ስለሆነ።»

ቆም ብለን እንየው። የልጁ መልስ ስሕተት ነው። ምክንያቱ ግን ጅል አይደለም። ዋናው መድኃኒት ቀድሞ ይሰጣል ብሎ አስቧል። ሐኪሟ ሳትጠይቅ ወደ ማብራራት ገብታ ቢሆን ይህን አታገኘውም ነበር። ስለ ሴል ሽፋን አምስት ደቂቃ ታወራ ነበር፤ የልጁ ችግር ግን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ አንድ አጠቃላይ ደንብ መስጠት ነው፤ አንድ ብቻ። «አደገኛ ፖታሲየም ሲመጣ ሦስት ሥራ አለህ። ልብን ጠብቅ፣ ፖታሲየሙን ወደ ሴል አስገባ፣ ከሰውነት አስወጣ።» ቀጥሎ የያዘውን ትክክል ነገር በስሙ መጥቀስ ይመጣል። «ማን እንደቀደመ ማስተዋልህ ጥሩ ነው፤ ካልሲየሙ የቀደመውም የልብ ችግር ቶሎ ስለሚገድል ነው።» መጨረሻ ላይ ስሕተቱን ማረም። «ካልሲየም ቁጥሩን አይነካውም። ኢሲጂው ቢስተካከል እንኳን ፖታሲየሙ እንዳለ ነው። የካልሲየሙም ሥራ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቢቆይ ነው። ኢንሱሊኑ ደግሞ ስኳሩን ሊያወርደው ይችላል፤ እሱን አንተ ተከታተልልኝ።» ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ተማሪው ደንብ ይዟል፣ ሥራም ተቀብሏል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጠይቆ ዝም ማለት ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው በ1970ዎቹ በትምህርት ቤቶች ባደረገችው ጥናት መምህራን ጠይቀው አንድ ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ አየች። ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ «አላውቅም» የሚለውም ቀነሰ። ሦስት ሴኮንድ ምን አላት? ሞክሩት። ዋርድ ውስጥ ዘላለም ይመስላል።

ጥያቄም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ምን እንደሚያውቅ ለማግኘት ነው። ሌላው ምን እንደማያውቅ ለሰው ለማሳየት ነው። ሁለተኛውን በሕክምና ትምህርት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ራውንድ ላይ፣ ታካሚው እየሰማ፣ ጓደኞች እያዩ፣ መልሱ እስኪጠፋ ድረስ በጥያቄ ማሳደድ። «እኛም እንዲህ ነው የተማርነው» ይባላል። እውነት ነው፤ ከእነሱ የተማረውም እንዲሁ ያስተምራል። ያልሠለጠነ አስተማሪ የተደረገበትን ይደግማል። ይህ ሰንሰለት የሚበጠሰው ሰውየው ሌላ አማራጭ ሲያይ ነው። ለእኔ ጀማሪዎችን ማስተማር ማስተማር ከሚያስፈልግባቸው ምክንያቶች ትልቁ ይሄ ነው።

የሚጎድለው ዓይን

ጆርጅ ሚለር በ1990 የሐኪምን ችሎታ ባለ አራት ደረጃ ፒራሚድ አድርጎ ሣለው። ከታች ያውቃል። ቀጥሎ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል። ቀጥሎ ሠርቶ ያሳያል። ጫፉ ላይ በዕለት ሥራው ያደርገዋል። ፒራሚዱ የተሣለው ለሕክምና ነው፤ ለማስተማርም ልክ ነው። ስለ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ ጥሩ ድርሰት የጻፈ ሠልጣኝ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ማስተማር መቻሉ የሚታወቀው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ስለዚህ የጥምር ሥልጠና ጥራት የሚለካው በሰርተፍኬቱ አይደለም፤ ሲያስተምር የሚያየው ሰው በመኖሩ ነው። ሐኪም ሆድ ሲከፍት ሲኒየር አጠገቡ ይቆማል። ሲያስተምር ግን ብቻውን ነው። አይቶ «ጥያቄህን ራስህ መለስከው እኮ፣ አስተውለኸዋል?» የሚለው የለም። አሥር ዓመት ያስተማረ ሰው አንድ ዓመት አሥር ጊዜ ደግሞ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ፕሮግራሞች ልምድ ያለው መምህር ክፍሉ ጥግ ላይ ያስቀምጣሉ። ከዚያ አንድ ሁለት ነገር ብቻ ይነግረዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ያያል።

ውጤቱስ? ስለ ሬዚደንት መምህርነት ሥልጠና የተሠሩ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያሳዩት ሠልጣኞቹ በራሳቸው መተማመናቸው እንደሚጨምርና ተማሪዎች የሚሰጧቸው ነጥብ እንደሚሻሻል ነው። ከዚያ አልፎ ተማሪዎቹ የተሻሉ ሐኪሞች ሆኑ ወይ፣ ታካሚ ተጠቀመ ወይ የሚለውን ማሳየት ግን እጅግ ከባድ ነው። በመሐል ስንት መምህር፣ ስንት ዋርድ፣ ስንት ዓመት አለ። ይህን ሳይናገር ተአምር የሚሸጥ ብሮሹር ካያችሁ ተጠራጠሩ።

ዋጋውም አለ። ጀማሪ ሐኪም ድካም የማይለየው ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሬዚደንት ሥራ በሳምንት በአማካይ ከ80 ሰዓት እንዳይበልጥ አገር አቀፍ ገደብ የተደረገው በ2003 ነው፤ ገደቡ ራሱ ሁለት ሰው የሚያደክም ነው። በዚህ ላይ ንባብና ፕሮጀክት ሲጨመር የሚጎዳው እንቅልፍ ነው። ሌላው ጣጣ ሥልጠናው የሲቪ ጌጥ መሆኑ ነው። በአንዳንድ የስፔሻሊቲ ውድድሮች ማስተማር ነጥብ ያስገኛል። ነጥብ ባለበት ደግሞ ነጥብ አሳዳጅ አለ። አንድ ከሰዓት አስተምሮ፣ የግምገማ ወረቀት አስሞልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ የሚጠፋ። ተማሪዎቹ ይህን ከሁሉ ቀድመው ያውቁታል።

ታካሚውንም አንርሳ። አንድ አልጋ ዳር ሁለት ለማጆች ቆመዋል፤ አንዱ ሕክምና እየለመደ፣ አንዱ ማስተማር እየለመደ። ታካሚው ማን ማን እንደሆነ ሊነገረው ይገባል። ተማሪ አይንካኝ ማለትም መብቱ ነው፤ ቅር ሊያሰኝም አይገባም። በሌላ በኩል ከዚህ ትምህርት ቀድሞ የሚጠቀመው እሱ ሊሆን ይችላል። ለተማሪ ማስረዳት የለመደ ሐኪም ለታካሚም ማስረዳት ይቀለዋል። የኢንሱሊን አወሳሰድን ነግሮ «ገባዎት?» ሲል ሁሉም «አዎ» ይላል። ማስተማር የተማረው ግን «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፤ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ይላል። ይህች ጥያቄ የፔይተን ሦስተኛ ደረጃ ዘመድ ናት።

እንዲህ ያለ ሥልጠና ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ ቃለ መጠይቁ ላይ እናንተም ጠይቁ። ስለ ሰርተፍኬቱ ሁሉም ይነግራችኋል። እናንተ ሦስት ነገር ጠይቁ። ሳስተምር የሚያየኝ ማን ነው፣ በወር ስንት ጊዜ? የማስተምራቸው ተማሪዎች ተመልሰው የማገኛቸው ናቸው ወይስ በየሳምንቱ አዲስ? ሦስተኛው ደግሞ፣ የማስተማር ቀኔ ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ስልኬን የሚይዝልኝ ማን ነው? ለዚህ ለመጨረሻው የሰው ስም ከተነገራችሁ ግቡ። «ያኔ እናመቻቻለን» ከተባላችሁ ግን ቀኗ የለችም።